እናቴ በእህል ሚዛን ላይ

ባለፈው ሳምንት ከዱራሜ ወደ ሆሳዕና ስመለስ፣ በሚኒባሱ ወለል ላይ፣ በእግሮቼ መካከል፣ የማን እንደሆነ ያላወቅኩት የበቆሎ ጆንያ ተጋድሞ ነበር። መንገዱ ባንገጫገጨን ቁጥር ከጆንያው ቀዳዳዎች ደቃቅ ነጭ አቧራ ይወጣና በመስኮቱ በሚገባው የከሰዓት ፀሐይ ውስጥ ይንሳፈፋል። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት በነጠላዋ አፍንጫዋን ሸፈነች። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ ሽታውን ሳብኩት። የደረቀ በቆሎ፣ የቃጫ፣ ትንሽም የአይጥ ሽታ አለው። ሴትየዋ "ምነው፣ አመመሽ እንዴ?" አለችኝ። "አይ፣ እናቴ ትዝ ብላኝ ነው" አልኳት። ግራ ሳይገባት አልቀረም፤ ሌላ አልጠየቀችኝም።

አንቺ ግን መጠየቅሽ አይቀርምና ልንገርሽ።

ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። ቤት ውስጥ "ፖሊስ" ነበር የሚሉኝ፤ ያየሁትን ሁሉ ካልጠየቅኩ እንቅልፍ አይወስደኝም። ዶሮ ለምን አንድ ዓይኗን ጨፍና እንደምትተኛ፣ የባጃጅ ሹፌሮች ለምን ወደ አንድ ጎን አዘንብለው እንደሚቀመጡ፣ ጎረቤት ቤት የመጣው እንግዳ ለምን ቶሎ እንደሄደ። ይህ ጠባዬ ከእናቴ የመጣ ይመስለኛል። እናቴ ቅቤ ነጋዴ ነበረች። የገበያውን ቀን እየተከተለች አንድ ቀን ጃጁራ፣ አንድ ቀን ቦኖሻ ትሄድና ከገጠር ሴቶች በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ገዝታ ሆሳዕና ላይ ትሸጣለች። ቅቤው ፊቷ ሲቀርብ በቀጭን ስንጥር እስከ መሐሉ ትወጋውና አውጥታ ታያለች፤ ከዚያ ታሸታለች፤ ከዚያ ምላሷ ላይ ነካ አድርጋ አንድ ዓይኗን ትጨፍናለች። ሙዝ የተለወሰበትም፣ ውኃ የጠጣውም፣ ከርሞ ለጋ መስሎ የቀረበውም ከዚያች ዓይን አያመልጥም። በአንድ ወቅት መሐሉ ድንጋይ የተቀበረበት ቅቤ አጋጥሟት፣ ድንጋዩን አጥባ ለሻጯ "ዕቃሽን ረስተሽ ነው" ብላ መልሳላታለች አሉ።

አባቴ የሒሳብ መምህር ነው። አያቶቹ ከሰሜን ለመንግሥት ሥራ መጥተው እዚሁ የቀሩ ናቸው። እናቴ በስሙ ጠርታው አታውቅም፤ ገና ሳይጋቡ ጀምሮ "መምህር" እያለች ነው የምትጠራው። እሱ ዝምተኛ፣ እሷ ደግሞ ስትደሰት አማርኛውን ትታ ወደ ሀዲይኛ የምትሄድ፣ ሳቋ ከአጥር ውጪ የሚሰማ ሴት ነበረች።

ከዚያ የጡት ካንሰር ነው ተባለ። አዲስ አበባ ቀዶ ጥገና ተደረገላት፤ ቀጥሎም ኬሞ የሚሉትን መድኃኒት በደም ሥሯ መውሰድ ጀመረች። የመጀመሪያውን እንደምንም ቻለችው። ከሁለተኛው በኋላ ግን ምላሷ ከዳት። ምን ቢሰጣት "ብረት ብረት ይላል" ትላለች። ሽሮው ብረት፣ ቆጮው ብረት፣ ውኃው ሳይቀር ብረት። ቅቤ ሲሸታት ደግሞ ያስመልሳት ስለነበር ቤት የቀረውን ሁሉ ለአክስቴ ሰጠነው። ለሦስተኛው ስትሄድ ሐኪሟ መዘነቻትና መድኃኒቱን ሳትሰጣት መለሰቻት። "ሰውነትሽ አይችለውም። አንድ ወር ሰጥቼሻለሁ፤ ብዪና ተመለሺ። ከዛሬው ከወረድሽ አልጀምርልሽም" አለቻት። እናቴ ይህን ስትነግረን ድምፅዋ የዕቃ ዋጋ እንደምትነግር ዓይነት ነበር። ነገሩ ግን ለሁላችንም ገብቶናል፤ መድኃኒቱ ከቆመ በሽታው አይቆምም።

አባቴ ከዚያ ቀደምም ብዙ አያወራም። የእናቴ ሕመም ከታወቀ ወዲህ ግን ሳቁ ጨርሶ ጠፋ። ከትምህርት ቤት ይመጣል፣ ሸሚዙን ይተኩሳል፣ ያንኑ ሸሚዝ እንደገና ይተኩሳል። እናቴ ከአልጋዋ ሆና በዓይኗ ትከተለዋለች። እኔ ደግሞ ሁለቱንም እከተላለሁ።

እንግዲህ የት እንመዝናት የሚል ጥያቄ መጣ። መንገድ ዳር ያሉት ትንንሽ ሚዛኖች በየደጃፉ የተለያየ ቁጥር ስለሚናገሩ አባቴ አላመናቸውም። ከቤታችን ብዙ ሳይርቅ አንድ የእህል መጋዘን አለ። ባለቤቱ ሽርጥ የሚያገለድሙ ሽማግሌ ጉራጌ ነጋዴ ናቸው። ያላቸው ሚዛን ትልቁ፣ ኩንታል የሚቆምበት ዓይነት ነው፤ ከሥር ሰፊ ብረት፣ ከላይ ዘንግ፣ በዘንጉ ላይ ወዲያና ወዲህ የሚንሸራተት ሌላ ብረት። ሽማግሌው በሚዛን አይታሙም ነበር። ገበሬው ሁሉ ከሩቅ መንደር እሳቸው ዘንድ ነው በቆሎውን የሚያመጣው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት እናቴን በባጃጅ እንኳ ሳይሆን በእግሯ ይዘናት ገባን። መጋዘኑ ጨለምለም ያለ ነው፤ ከቆርቆሮው ቀዳዳዎች የሚወርደው ብርሃን በአቧራው ውስጥ እንደ ክር ተወጥሮ ይታያል። ተሸካሚዎቹ ጆንያቸውን አስቀምጠው ቆሙ። ሽማግሌው እናቴን ከላይ እስከ ታች አዩና፣

"በሉ መምህር፣ ከነጆንያዋ ነው የምንመዝናት?" አሉ።

እናቴ ጋቢዋን ገልጣ ለእኔ አቀበለችኝ። "ጆንያውን አውልቄያለሁ ጋሼ። ነቀዝ ግን አለብኝ፤ በዋጋው ያስቡልኝ" አለቻቸው። ተሸካሚዎቹ መሳቅ ይገባቸው እንደሆነ ስላላወቁ አባቴን አዩት።

ሚዛኑ ላይ ወጣች። ሽማግሌው ከኋላዋ ቆሙ፤ አባቴ ከፊት ሆኖ ብረቱን በሁለት ጣቱ ገፋ፣ ገፋ፣ ቆመ። ጮክ ብሎ አነበበው። ከሐኪሟ ቁጥር አንድ ኪሎ ያህል በልጦ ነበር! አባቴ ደግሞ አነበበው። ከዚያ ሳቀ። እንዴት ያለ ሳቅ መሰለሽ! ከሆዱ የሚወጣ፣ ትከሻውን የሚያንቀጠቅጥ። ተሸካሚዎቹን በሙሉ ቦምቦሊኖ ጋበዛቸው፤ የዘንጉን ፎቶ በስልኩ አንስቶ አዲስ አበባ ላለችው እህቱ ላከላት።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ሌላ ቤት ሆነ። አባቴ የእናቴን ሽርጥ ታጥቆ ወጥ ቤት ገባ። ሽንኩርት ሲከትፍ እኩል እኩል እንዲሆንለት ዓይኑን ያጠባል፤ እናቴ በሩ ላይ በርጩማ አስቀምጣ "መምህር፣ ወጡ ላይ ማስመሪያ ይዞ የሚፈርድ የለም እኮ" ትለዋለች። ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ እንሰቱ ሥር ምንጣፍ ዘርግተን ካርታ እንጫወታለን። እናቴ ታጭበረብራለች። አባቴም እያወቀ ይሸነፍላታል። ካንሰር ባለበት ቤት እንደዚያ መሳቅ ይቻላል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ ዛሬም ለሰው ስናገር የሚያምነኝ ጥቂት ነው።

በሁለተኛውም ቅዳሜ ቁጥሩ ጨመረ። ነገር ግን አንድ ነገር ይከነክነኝ ጀመር። እናቴ ቀሚሷን ወገቧ ላይ በመርፌ ቁልፍ ታያይዘው ነበር። መርፌ ቁልፏ ደግሞ ወደ ውስጥ እየገባ ነው። ክብደት የሚጨምር ሰው ቀሚስ ይጠበዋል እንጂ እንዴት ይሰፋዋል? የበላችውንም አስብ ነበር። ከአባቴ ወጥ ሁለት ጉርሻ፣ ከዚያ "ጠገብኩ" ነው። ታዲያ ኪሎው ከየት መጣ?

ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ዝቅ ያለ የጤፍ ጆንያ መርጬ ሚዛኑ አጠገብ ተቀመጥኩ። እናቴ ወጣች። ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ከኋላ ቆሙ። አባቴ ብረቱን ሲገፋ እኔ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ታች አየሁ። የሽርጣቸው ጫፍ የሚዛኑን ብረት ሸፍኖታል። ከጫፉ ሥር በላስቲክ ነጠላ ጫማ ውስጥ ያለው የቀኝ አውራ ጣታቸው ብረቱን ቀስ ብሎ ተጭኖታል። ፊታቸውን አየሁት። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የሚጸልዩ ይመስላሉ። ለአንድ ስኒ ባቄላ እንኳ ሚዛን ላይ እግራቸውን አስቀምጠው የማያውቁ ሰው!

አባቴ ቁጥሩን ጮክ ብሎ አነበበ። ሳቁ መጋዘኑን ሞላው። እኔ ግን የጉዞውን ቀን መቁጠር ጀመርኩ። የአዲስ አበባው ሚዛን እግር የሚጫነው የለውም፤ እናቴ ደግሞ ልትሄድ የቀራት ሁለት ሳምንት ነው።

አባቴ ቦምቦሊኖ ሊገዛ ሲሄድ እናቴን ጓሮ ወስጄ ነገርኳት። ትደነግጣለች ብዬ ነበር። እሷ ግን እንሰቱን ተደግፋ ሳቀች።

"ገና አሁን ነው ያየሽው? ትልቋ ፖሊስ!" አለችኝ።

"ታውቂ ነበር እንዴ እማዬ?"

"ዕድሜ ልኬን ሚዛን ላይ ስጣላ ኖሬ? በመጀመሪያው ቀን ነው ከእግሬ ሥር ዘንበል ሲል የተሰማኝ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

ነጠላዋን አስተካከለችና "ለአባትሽ ትንፍሽ እንዳትዪ። ይልቅ አንቺ ነገር መመርመር ትወጃለሽ፤ ብረት ብረት የማይል የሚበላ ነገር ፈልጊልኝ" አለችኝ።

ለእኔ ከዚህ የተሻለ የቤት ሥራ አልነበረም። አባቴ የከሰዓት ፈረቃ ያስተምር ስለነበር፣ እኔ ከትምህርት ስመለስ ቤቱ የሁለታችን ነው። መጀመሪያ ማንኪያውን ጠረጠርኩና ከአያቴ ቤት የቀንድ ማንኪያ ተውሼ መጣሁ። ትንሽ ረዳ፤ የብረቱ ጣዕም ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ዝንጅብል ሞከርን፤ አፏ ቆስሎ ስለነበር አቃጠላት። ሎሚም እንደዚሁ። ድንች ቀቅዬ አቀዝቅዤ ሰጠኋት፤ "ጭቃ ነው፤ ግን ጨዋ ጭቃ" ብላ ግማሹን በላች። እንቁላል ሽታው አባረራት። ቡላ በስኳር ገንፎ አደረግኩላት። የቅቤ ነጋዴ ቤት ቡላ ያለ ቅቤ መሠራቱን ጎረቤት እንዳያይ በሩን ዘግተን ነው። ከእሱ ደህና አድርጋ በላች። የሚያስቀኝ እያንዳንዱን ነገር ከመቅመሷ በፊት አሽትታ አንድ ዓይኗን መጨፈኗ ነበር። ምላሷ ቢከዳትም ዓይኗ ሥራውን አልለቀቀም።

አንድ ቀን ገበያ ውስጥ ስዞር ከዳምቦያ የመጣች ሴት አቮካዶ ከምራ አየሁ። እናቴ አቮካዶ ትንቅ ነበር። "ሳሙና" ነው የምትለው። ቢሆንም ገዛሁ።

"አሁን ደግሞ ሳሙና ልታበዪኝ ነው?" አለች እንዳየችው።

ለሁለት ከፍዬ ፊቷ አስቀመጥኩት። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ከመጥረጊያው አንድ ስንጥር መዘዘችና አጥባ፣ እንደ ድሮዋ መሐሉን ወጋችው። አውጥታ ለብርሃን ያዘችው። አሸተተችው። ምላሷ ላይ ነካ አደረገች። አንድ ዓይኗ ተጨፈነ። እኔ ያችን ዓይን አያለሁ።

"ሽታ የለውም" አለች።

"ብረትስ?"

ደግማ ወጋችው፤ ደግማ ቀመሰችው። "ብረትም የለውም።" ከዚያ ገበያ ላይ በምትናገርበት ድምፅ፣ "ምንም አልተቀላቀለበትም። ንጹሕ ነው" አለች። ጨው ነሰነሰችበትና በቀንድ ማንኪያው እስከ ቅርፊቱ ፋቀችው። ስትጨርስ ቀና ብላ "ያኛውን ግማሽ ለማን ነው ያስቀመጥሽው?" አለችኝ። ያን ጊዜ ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ፤ ከደስታ ይሁን ከፍርሃት እስካሁን አልለየሁትም።

ከዚያ በኋላ የዳምቦያዋን ሴት ደንበኛ አደረግኳት። አባቴ ኪሎዋ እየጨመረ ምን አስጨነቃችሁ እንዳይለን አቮካዶውን በባዶው የቅቤ ባልዲ ውስጥ እንደብቀዋለን። ጠዋት አባቴ ሳያይ አንድ፣ ከትምህርት ስመለስ አንድ፣ ማታ እሱ ፈተና ሲያርም በቡላው ላይ ተለውሶ ሌላ። እናቴ "የዛፍ ቅቤ" የሚል ስም አወጣችለት። አንድ ቀን አባቴ ጓሮ ውስጥ የተከመረውን ቅርፊትና ፍሬ አይቶ "ይህ ሁሉ ምንድነው?" አለ። እናቴ ዓይኗን ሳታርገበግብ "የልጅህ የባዮሎጂ ሙከራ ነው" አለችው። ውሸት አልነበረም።

ጉዞው ሰኞ ነበር። የመጨረሻው ቅዳሜ ጠዋት ወደ መጋዘኑ ስንገባ ዝናብ አባርቶ የቆርቆሮው ጣሪያ ይንጠባጠባል። አባቴ ያን የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ፣ በመንገዱ ሁሉ እያፏጨ ነበር። እናቴ ጋቢዋን ሰጠችኝና ወጣች። ሽማግሌው ከኋላ ቆሙ። አባቴ ብረቱን ካለፈው ሳምንት ቁጥር አሳልፎ ያዘ።

"ጋሼ" አለች እናቴ፣ ወደ ኋላ ሳትዞር፣ በለሆሳስ። "እግርዎን ያንሱልኝ።"

"የምን እግር?" አሉ ሽማግሌው።

"የቀኙን።"

ተሸካሚዎቹ መሬት መሬቱን አዩ፤ ለካ እነሱም ያውቁ ነበር። ሽማግሌው እግራቸውን ስበው ወደ ኋላ ሄዱና ግድግዳውን ተደገፉ። "አላህ ይየኝ፣ ለክፉ አይደለም። የመጀመሪያው ቀን ዘንጉ ሲወድቅ ሳየው አላስቻለኝም" አሉ።

"አውቃለሁ ጋሼ። ለክፉ ቢሆን ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ገበያውን አሰበስብብዎት ነበር።"

አባቴ ብረቱን እንደያዘ ነው። አንዴ የሽማግሌውን እግር፣ አንዴ እናቴን አየ። ዘንጉ ወድቆ ተንጠልጥሏል። ማንም ምንም ሳይለው ብረቱን ወደ ኋላ ይስበው ጀመር። ባለፈው ሳምንት የሳቀበትን ቁጥር አለፈ፤ የዚያ በፊቱንም አለፈ። ብረቱ ሲጥ ሲጥ ይላል። ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር የአባቴ ፊት አብሮ ይወርዳል። እኔ የሐኪሟን ቁጥር በቃሌ ስለማውቀው ዘንጉ አጠገብ ተንበርክኬ እሱን ብቻ እጠብቃለሁ። ብረቱ ቀረበው። ደረሰበት። ዘንጉ ሊነሳ ፈለገ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ተነሳ። ከዚያችው ቁጥር ትንሽ ከፍ ብሎ ቆመ። አባቴ ከያዘው ቁጥር ግን ብዙ ያንሳል።

"አልወረደችም! አባዬ፣ ከሐኪሟ ቁጥር አልወረደችም!" ብዬ ጮህኩ።

አባቴ አልሰማኝም። በቆሎ ጆንያ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ይዟል። "አንድ ወር ሙሉ ታውቂ ነበር?" አላት ጣቶቹን ሳያነሳ።

እናቴ ከሚዛኑ አልወረደችም። "አውቃለሁ" አለች። "መምህር፣ ሳቅህ ጠፍቶብኝ ነበር። እቤት ፈለግኩት፣ አጣሁት። እዚህ ብረት ላይ ስቆም ነው ያገኘሁት። ጋሼ እግራቸውን እንዳያነሱብኝ ብዬ ዝም አልኩ።" ወደ እሱ ጎንበስ አለችና "ሰኞ ግን እውነተኛው ሚዛን አለ። ያኔ ብቻህን እንድትደነግጥ አልፈለግኩም። አሁን አብረን እንወቀው" አለችው።

አባቴ ተነሳ። እጁን ዘረጋላትና ይዞ አወረዳት። ሽማግሌው በሽርጣቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ "ውኃ አምጡላቸው፣ ምን ትገተራላችሁ!" እያሉ ተሸካሚዎቹ ላይ ጮኹ።

የአዲስ አበባው ሚዛን አላሳፈረንም፤ መድኃኒቱን ጀመሩላት። እሱንም ሌላውንም ጨረሰች። ምላሷ ተመለሰላት፣ እሷም ወደ ጃጁራ ገበያ ተመለሰች፤ ጥቂት መስቀሎችንም አብረን አከበርን። ከዚያ በሽታው በሌላ በኩል መጣ፣ እናቴም አረፈች። ስለዚያ ጊዜ ሌላ ቀን እነግርሽ ይሆናል፤ ዛሬ አልችልም።

ከሁሉ የሚቀርበኝ ያን ቅዳሜ ጠዋት ከመጋዘኑ ወጥተን የሄድንባት አጭር መንገድ ናት። እዚህ አገር በእነሱ ዕድሜ ያለ ባልና ሚስት በገበያ ቀን በአደባባይ እጅ ለእጅ አይያያዝም። አባቴ ግን ከሚዛኑ ሲያወርዳት የያዘውን እጅ አልለቀቀም። እናቴ "ኧረ ሰው ያያል" ብላ ልትነጥቀው ሞከረች። "ይየን" አላት። ተማሪዎቹ ቆመው ሰላም አሉት፤ በግራ እጁ መለሰላቸው። እሷም ተወችው። እኔ ጋቢዋን ታቅፌ ከኋላ ነበርኩ። ጭቃውን ሲሻገሩ እናቴ ወደ ጆሮው ጠጋ ብላ አንድ ነገር አለችው፣ አባቴም ሳቀ። ማንም እግሩን ሳይጫንለት ሳቀ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሮጬ ደርሼባቸው "ምን አለችህ? ምን አለችህ?" እል ነበር። ያን ቀን ግን እርምጃዬን ቀነስኩ። አባቴን ዛሬም ልጠይቀው እችላለሁ። አልጠየቅኩትም።